ጋሽ ኪሮስ ያወረዱኝ ተራራ

ሥራ በጀመርኩበት ቀን ነው ከሥራ የተመለስኩት። የተራራ መንገደኞችን ዕቃ የሚጭን ሰው ይፈለጋል ሲባል ሰምቼ ከመርሳ ወልድያ ገባሁ። ከወልድያ በአይሱዙ የድልብን ዳገት ወጥተን፣ ጋሸና ላይ ወደ ላስታ ታጥፈን አቡነ ዮሴፍ ግርጌ ደረስን። እኔ የመርሳ ልጅ ነኝ፤ ማንጎና ብርቱካን ጥላ ሥር ነው ያደግሁት። ብርድ የሚባለውን የማውቀው ሐምሌ ላይ ዝናብ ሲመታኝ ብቻ ነበር።

የቀጠሩኝ ሰው ጋሽ ይማም ይባላሉ። ዋና መሪ ናቸው። ቀጭን፣ ነገር የማያበዙ፣ ሲቆጡ ድምፃቸውን ዝቅ የሚያደርጉ ሰው ነበሩ። ነጠላ ጫማዬን አይተው ወደ ተራራ ነው ወይስ ወደ መስጊድ የምትሄደው አሉኝና የራሳቸውን አሮጌ ቦት ጫማ ሰጡኝ። ሰፋኝ፤ ካልሲ ደራርቤ ሞላሁት።

የሥራውን ደረጃም በዚያው ነገሩኝ። መጀመሪያ ጫኝ ትሆናለህ፤ በቅሎ ትጭናለህ፣ ድንኳን ትተክላለህ። ከሰነበትክ ወጥ ቤት ትገባለህ። ከዚያ ረዳት መሪ። ዋና መሪ መሆን ካማረህ እኔ እስክሞት ጠብቅ አሉ። ሌሎቹ ሳቁ፤ እኔ የምራቸውን መስሎኝ እሺ አልኩ።

እኩለ ቀን ላይ የአስታው ዛፍ አልቆ የውርጭ አገሩ ተክል ጅብራው ሲጀምር ራሴን ይወቅረኝ ጀመር። ጋሽ ይማም አጠገቤ መጡ፤ ስለ ጤናዬ ግን አልጠየቁኝም። አንዷን በቅሎ አስቁመው፣ ጭነቷን ፍታና እንደገና ጫናት አሉኝ። ጭነት ማሰር ለእኔ አዲስ አይደለም፤ ከልጅነቴ ጀምሮ አህያ ጭኜ ገበያ ስመላለስ ነው የኖርኩት። ያን ቀን ግን ገመዱን ይዤ ቆምኩ። የቱ ጫፍ በየት እንደሚያልፍ ጠፋኝ።

ውረድ አሉኝ። ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ አልኩ።

"አልሐምዱሊላህማ ምንጊዜም ነው። እጅህ ግን ታሟል።"

ከአንድ የአካባቢው ገበሬ ጋር መለሱኝ። ቁልቁለቱን በንዴት እያለቀስኩ ወረድኩ። መንደር ስንደርስ ራስ ምታቱ ለቀቀኝ፤ የገበሬው ሚስት ያቀረቡልኝን ቅቅል ድንች ጠራርጌ በላሁ። ዳግመኛ የሚጠሩኝ አልመሰለኝም ነበር፤ ተጠራሁ። ሁለተኛው ጊዜ ግን ደጋው ላይ አሰንብተው፣ ሰውነቴ ስሱን አየር ከለመደ በኋላ ነው ያወጡኝ።

ጫኝነት ትንሽ ሥራ ይመስላል እንጂ አይደለም። ከባዱ ዕቃ ከታች ይሆናል፤ ግራና ቀኙ እኩል ካልሆነ በቅሎዋ ገደል አፍ ላይ ታጋድላለች። ድንኳን ከላይ ይታሰራል፤ ማታ መጀመሪያ የሚፈለገው እሱ ነውና። ላምባ ከዱቄት ጋር አይጫንም። አንድ ጓደኛችን ይህን ረስቶ ያን ሰሞን ሁሉ ላምባ ላምባ የሚል ቂጣ በልተናል። የውጭዎቹ እንግዶች የአገሩ ቅመም መስሏቸው እየደጋገሙ አመሰገኑት።

ጋሽ ይማም በዕድሜ ሥራውን ሲተዉ ዋና መሪነቱ ለእኔ ደረሰ። ሞታቸውን አላስጠበቁኝም፤ ዛሬም ድረስ አሉ። ያኔ ነው የሰውን ልዩነት ያየሁት። የውጭ ሰው የሚያመውን ሁሉ ይነግርሃል። ጣቱን፣ ጉልበቱን፣ የትናንት ሕልሙን ሳይቀር ያወራልሃል። የኛ ሰው ግን እንዴት አደርክ ሲሉት እግዚአብሔር ይመስገን ይላል። እየታመመም፣ እየወደቀም ይመስገን ነው። ክፋት የለውም፤ ፈጣሪን ማማረር መስሎ ስለሚታየው ነው። ከአራት ሺሕ ሜትር በላይ ግን ይህ መልካም ጠባይ ሰው ይገድላል።

መንገዱ ሲዘጋ፣ እንግዳ ሲጠፋ፣ እኔም ወልድያ ውስጥ ባጃጅ መንዳት ጀመርኩ። መለዋወጫ የምገዛው ከጋሽ ኪሮስ ሱቅ ነበር። አባታቸው ከትግራይ መጥተው ወልድያ የቀሩ ነጋዴ ነበሩ፤ እሳቸው እዚያው ተወልደው እዚያው ሸበቱ። የጨለመ ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብለው፣ ቀና እንኳ ሳይሉ የፈለጉትን ብሎን በእጃቸው ዳብሰው የሚያወጡ ሰው ናቸው። ቀልድም አያልቅባቸውም።

እኚህ ሰው ተራራ ወዳድ ናቸው ብል ማን ያምነኛል። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከከተማው በላይ ያሉትን ኮረብታዎች የሚወጣ ማኅበር አቋቁመዋል፤ መምህራን አሉበት፣ ነጋዴዎች አሉበት፣ ፋርማሲስቷ ልጃቸው ሰላምም አለችበት። ሲወርዱ ሻይ ቤት ተቀምጠው ለምን እንደሚወጡ ይከራከራሉ። አንዱ ለጤና ነው ይላል፣ ሌላው ለፎቶ። ጋሽ ኪሮስ ደግሞ፣ ሱቅ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሰው ዕቃ ሲጠይቀኝ ይውላል፤ ተራራ ላይ የሚጠይቀኝ የለም ይላሉ። አንድ ነገር ብቻ ይመኙ ነበር፤ ጉልበታቸው ሳይደክም አቡነ ዮሴፍ ጫፍ ላይ መቆም። መንገዱ ሲከፈት፣ በል አንተ ታውቀዋለህ፣ ምራን አሉኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ። ባጃጁን ለወንድሜ ሰጥቼ ገመዴን ከሰቀልኩበት አወረድኩ።

ሐሙስ ከጫፉ በታች ሰፈርን። ዓርብ ጠዋት ሁሉም ገንፎ ሲበላ ጋሽ ኪሮስ አልቀረቡም። ጾም ነው አሉ። እውነትም ጾም ነው፤ ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ አይቀምሱም። ስለዚህ ማንም ልብ አላለም። እንዴት አደሩ ስላቸውም እግዚአብሔር ይመስገን አሉኝ።

ጉዞ ከጀመርን በኋላ ግን ነገሩ ከነከነኝ። እኔም ረመዳንን ተራራ ላይ ጾሜ አውቃለሁ። የተራበ ሰው ስለ ምግብ ያወራል፣ ፀሐይዋን ያያል፣ ይቀልዳል። ጋሽ ኪሮስ ዝም ብለዋል። የጃኬታቸውን ቁልፍ አዛንፈው ቆልፈውታል። ደልዳላው ላይ እንኳ እንደ ሰካራም ወደ ጎን ይሄዳሉ።

ጠጋ ብዬ፣ ጋሽ ኪሮስ፣ ስንመለስ ለባጃጁ ሞተር ካንዴላ እፈልጋለሁ፤ ሱቅዎት ውስጥ የት ጋ ነው የሚያስቀምጡት አልኳቸው። በእንቅልፍ ልባቸው የሚመልሱት ነገር ነው። ቆመው አዩኝ።

"የቱ ሱቅ?" አሉኝ።

ፈራሁ። የከፍታ ሕመም ራስ ምታት ብቻ ሲሆን አረፍ ቢሉ ይለቃል፤ አእምሮና እግር ላይ ሲወጣ ግን መድኃኒቱ መውረድ ነው፣ ያውም ወዲያው። ሌሎቹን ከረዳት መሪው ጋር እዚያው አስቀምጬ ሰላምን ለብቻዋ ነገርኳት። ጾም ስለሆነ ይሆናል፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ ነገር ሲቀምስ ይነሣል አለች። እንደዚያ እስክንጠብቅ አባትሽን እናጣቸዋለን አልኳት። ፊቷ ተለዋወጠ፤ ከዚያ በኋላ አልተከራከረችኝም።

የተከራከሩት እሳቸው ናቸው። ጫፉ እኮ ያውና፣ ያውና ይላሉ በከዘራቸው እያሳዩ። ለመንኳቸው፤ እምቢ። ሰላም እጃቸውን ስትይዝ ገፈተሯት፤ በሕይወቷ ገፍትረዋት የማያውቁ ሰው። ሽማግሌ አደረጋችሁኝ፣ የፈራ ይውረድ ብለው ሽቅብ ጀመሩ። በግድ ይዣቸው እንዳልጎትት፣ ግራና ቀኙ ገደል ነው።

የማደርገው ሲጠፋኝ ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩና ራሴን ያዝኩ።

"ጋሽ ኪሮስ፣ እኔን አሞኛል። ብቻዬን መውረድ አልችልም። ያውርዱኝ።"

ዘወር አሉ። ጫፉን አዩ፣ እኔን አዩ። የወሎ ሰው የታመመ ሰው ጥሎ አይሄድም፤ አእምሮው ቢደክምም ይህን አይረሳም። ከዘራቸውን ለሰላም ሰጥተው መጡና ክንዴን ያዙ።

"ተነሥ፣ አይዞህ። ሰው ታሞ ጫፍ አይወጣም።"

እንዲህ አድርገው አወረዱኝ። እሳቸው እኔን የደገፉ ይመስላቸዋል፤ ክብደታቸው በሙሉ እኔ ትከሻ ላይ ነው። ስንሰናከል፣ ቀስ በል እንጂ ይሉኛል። እሺ እላለሁ። ሰላም ከኋላችን ናት፤ ታልቅስ ትሳቅ አላውቅም፣ ሁለቱንም ይመስለኛል።

መንደሩ ሲቃረብ ጉልበታቸው ከዳቸው። ተጣራሁ። ገበሬዎቹ የቅሬያቸውን፣ የዕድራቸውን ማለት ነው፣ ቃሬዛ ይዘው ደረሱ። የኛ አገር ቅሬ የሞተ መቅበር ብቻ አይደለም፤ የታመመም ይሸከማል፣ የማን ልጅ ነህ ብሎ አይጠይቅም። ጋሽ ኪሮስ ቃሬዛው ላይ ሊያስተኟቸው ሲሉ አሻፈረኝ አሉ። እሱን ጫኑት፣ የታመመው እሱ ነው ይላሉ እኔን እያሳዩ። ተሸካሚዎቹ ግራ ገብቷቸው አዩኝ። ተራ ነው፣ ቀጥሎ እኔ ነኝ አልኳቸው። በዚህ ተስማምተው ተኙ።

እየተፈራረቁ ቁልቁል፣ ቁልቁል ተሸከሟቸው። እኔ ጎን ጎናቸው እየሄድኩ ትንፋሻቸውን አዳምጣለሁ። ገብስ ማሳው ከታየ በኋላ አንድ ኩርባ ላይ ቀና አሉ።

"ካንዴላ ከመዝጊያው በስተግራ ነው፣ ሁለተኛው መደርደሪያ። ለምንድን ነው የጠየቅኸኝ?"

ሰላም መንገዱ ላይ ዝርፍጥ ብላ አለቀሰች። እኔም አልሐምዱሊላህ አልኩ፤ በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ከልቤ ያልኩት አይመስለኝም። ትከሻዬን ተጭኖኝ የነበረ ነገር ሁሉ ወረደ። ጤና ጣቢያ ስንደርስ ኦክሲጅን ሰጧቸው፣ አሁን ወደ ታች እንጂ ወደ ላይ የለም ብለው አስጠነቀቋቸው። ወልድያ ሲገቡ ሰው ሆነዋል። ሌሎቹም በማግስቱ በደህና ወረዱ፤ ጫፉን አይተውታል።

ከሳምንት በኋላ መርሳ ቤቴ ቁጭ ብዬ ሳለሁ ጋሽ ኪሮስ ከሰላም ጋር በር አንኳኩ። የታመመ ልንጠይቅ መጣን አሉ። በፌስታል ብርቱካን ይዘዋል፤ ከመርሳ ወልድያ የሄደውን ብርቱካን ገዝተው ወደ መርሳ መልሰው አመጡት። ባለቤቴ ዘሃራ ግራ ገባት። ማነው የታመመው አለች። ሰይድ ነዋ፣ ከተራራ ያወረድኩት እኔ ነኝ አሉ ኮስተር ብለው። ዘሃራ ወደ እኔ ዞራ፣ ታመህ ነው ያልነገርከኝ ብላ ልትጣላኝ ሆነ። ያኔ ሰላም ሳቋን መያዝ አቃታት፣ ጋሽ ኪሮስም ሳቁ። ነገሩን ሁሉ ያውቃሉ፤ ልጃቸው ነግራቸዋለች።

ምሳ በልተን ስናበቃ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ራሴን የጀመረኝ ሐሙስ ገና ድንኳን ስንተክል ነው አሉ። ለምን አልነገሩኝም አልኳቸው። እንዴት አደርክ አልከኝ፤ እንዴት አደርክ ላለ ሰው ምን ይባላል ታዲያ አሉኝ። እኔም ብሆን ሌላ አልልም ነበር።

አሁን ማኅበሩ አንድ ደንብ አለው፤ ያወጡት እሳቸው ናቸው። እሑድ ጠዋት ከመነሣታችን በፊት ክብ ሠርተን እንቆማለን፣ እያንዳንዱ በተራ መጀመሪያ የሚያመውን ይናገራል፣ ምስጋናው ከዚያ ይከተላል። ሁልጊዜ የሚጀምሩት ጋሽ ኪሮስ ናቸው። ግራ ጉልበቴን ይቆረጥመኛል፣ ትናንት እንቅልፍ አልወሰደኝም፣ እግዚአብሔር ይመስገን ይላሉ። መምህራኑ ይከተላሉ። መጀመሪያ ሰሞን ሰው ያፍር ነበር፤ አሁን የአንዳንዱ ሕመም ረዝሞ ፀሐይ ይበረታብናል። ወደ ትልቁ ተራራ ከእንግዲህ አይሄዱም፣ ሐኪም ከልክሏቸዋል፤ ከወልድያ ኮረብታ ግን የሚያስቀራቸው የለም። ዘሃራም ቤት ውስጥ ይህን ደንብ ይዛብኛለች፤ እኔም እሷን እጠይቃታለሁ።

ይህን ሥራ ለምትጀምሩ የምነግራችሁ ይህንኑ ነው። ጠዋት ጠዋት ሰዎቻችሁ መጀመሪያ የሚያማቸውን ይናገሩ። እናንተም ተናገሩ። መውረድ ያለበት ሰው ካለ፣ በማን ሕመም ይሁን በማን፣ ይውረድ።