በነፊሳ ስም የሰጠሁት አክታ

ሐሙስ ጠዋት ነው። ቡና መልቀሚያው አዳራሽ ስደርስ ወሬው ቀድሞኛል... «ሐኪም ሊመጣ ነው! የሚያስለውን ሁሉ ለይተው ሊያባርሩ ነው!»

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ጊዜ ነው፣ ሐረር። ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። አባቴ ወታደር ሆኖ እዚያ ስለተመደበ ያደግኩት ሐረር ነው። ሚሲዮን ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ ስለተማርኩ፣ ከሸዋ በር ወጣ ብሎ በነበረ የፈረንጆች ቡና ላኪ ኩባንያ ውስጥ የሚገባና የሚወጣውን ጆንያ መዝጋቢ ሆኜ ተቀጠርኩ። ኩባንያው በስንትና ስንት አገር ቅርንጫፍ አለው ይባላል። እኛ ግን የምናውቀው መጋዘኑንና «ሙሴ» እያልን የምንጠራውን ፈረንጅ ሥራ አስኪያጅ ብቻ ነበር።

ነፊሳ ከቡና ለቃሚዎቹ አንዷ ነበረች። የጀጎል ልጅ ናት፤ ባሏ ሞቶባት ሁለት ሴት ልጆች ታሳድጋለች። በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ ግን ምሳ የምንበላው አብረን ነው። ከረመዳን ወዲህ አንድ ሳል ይዟት አልለቅ ብሏታል።

ያን ቀን ክንዴን ይዛ ከጆንያው ክምር ኋላ ወሰደችኝ።

«አንቺ አያስልሽም አይደል?»

«አያስለኝም። ምነው?»

«በቆርቆሮ አክታ ስጡ ሊሉን ነው አሉ። የእኔንም አንቺ ስጪልኝ።»

«ነፊሳ... የሳንባ ምርመራ እኮ ነው፣ ለራስሽ ነው...»

«አቦ ተይኝ! ፊት የሠራሁለት ነጋዴ፣ ያገሬ ሰው፣ አንድ ቀን ስስል ሰምቶኝ በማግስቱ በሩን ዘጋብኝ። ይሄ ፈረንጅ ምኔ ነው የሚያዝንልኝ? ወላሂ፣ ከዚህ ከወጣሁ ልጆቼን የማበላው የለኝም።»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ብዙም አላንገራገርኩም። እኔም የማስበው እንደሷ ነበር። ቆርቆሮዎቹ ላይ ስም የምጽፈው ደግሞ እኔው ነኝ። የራሴን ሰጠሁ፤ ዞር ብዬ የነፊሳ ስም ባለበት ቆርቆሮም የራሴኑ ሰጠሁ። ከሐኪሙ ጋር የመጣው ድሬሰር ሳጥን ውስጥ ደርድሮ ይዞት ሄደ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ውጤቱ መጣ። ታደሰ ከሚባል አንድ ተሸካሚ በቀር ሁላችንም ጤነኞች ነን ተባለ። በማግስቱ ታደሰ ከግቢው ጠፋ። የት ገባ ብሎ የጠየቀም፣ የነገረንም የለም።

«አየሽ? አላልኩሽም?» አለችኝ ነፊሳ። በዚያው ሰሞን ከጊደር መጋላ ገበያ አንድ ቆንጆ ሻሽ ገዝታ አመጣችልኝ። እኔም ሰው ያዳንኩ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ከረምኩ...

አምስት ወር አለፈ። ነፊሳ እየከሳች ሄደች። ሳሏን በነጠላዋ ጫፍ እያፈነች ትለቅማለች። «ኧረ ሐኪም ቤት ሂጂ» ስላት «ኢንሻአላህ፣ ሰኞ» ትለኛለች። ሰኞ ይመጣል፣ እሷ ግን ያው መልቀሚያዋ ላይ ናት።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ታደሰ በግቢው በር ሲገባ አየነው። ፊቱ ሞልቶ፣ አዲስ ኮት ለብሶ!

«አንተ! ተባረርክ ብለን አልነበር እንዴ?» አልኩት።

«ማን ነው ያባረረኝ? አዲስ አበባ ሆስፒታል አስተኝተው ሲያሳክሙኝ ነበር እንጂ። ደሞዜንም ለሚስቴ ቤቷ ድረስ ሲልኩላት ነው የቆዩት። ሙሴ ‹ሥራህ ይጠብቅሃል› ብሎ ነው የሸኘኝ።»

ነፊሳ አጠገቤ ቆማ ነበር። ዞር ብላ ወደ መልቀሚያዋ ሄደች... ሰው ሲደነግጥ እንደዚያ ቀስ ብሎ ሲራመድ አይቼ አላውቅም።

እኔ ወደ ቢሮ ሮጥኩ። ኩባንያው በየአገሩ ላሉት ሠራተኞቹ ሁሉ ያወጣው የደንብ መጽሐፍ፣ በፈረንሳይኛ የተጻፈ፣ ከወንበሬ ኋላ መደርደሪያ ላይ ነበር። እስከዚያ ቀን ያነበብኩት የዕረፍት ቀን ያለበትን ገጽ ብቻ ነው። ገለጥኩት። አለ። «በሳንባ በሽታ የታመመ ሠራተኛ በኩባንያው ወጪ ይታከማል፤ እስኪድን ሥራው ይጠበቅለታል» ይላል።

መጽሐፉን እንደያዝኩ ሙሴ ዘንድ ገባሁና ሁሉንም ነገርኩት። ፊቱ ቀላ።

«የታመመች ሴት ከሰው መሃል አምስት ወር አስቀመጥሽ? ለምን?»

«ያባርሯታል ብለን ፈርተን ነው።»

«አባርራለሁ ብዬ አውቃለሁ?»

«አላባርርም ብለውም አያውቁም።»

መጽሐፉን ከእጄ ተቀብሎ ገጹን አነበበና «ሰዉን ሁሉ ጥሪ» አለኝ... ከሰዓት በኋላ ሠራተኛው ሁሉ ግቢ ተሰበሰበ። ደንቡን እኔ በአማርኛ አነበብኩ፤ ሚዛን ላይ የሚሠራው ልጅ በኦሮምኛና በአደርኛ ደገመው። አክታ እንደገና ተሰጠ። ከነፊሳ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ከሚለቅሙት ሁለቱ ታመው ተገኙ። እኔንም ጨምሮ ማንም አልተባረረም።

የነፊሳ ልጆችም ተመረመሩ። አብራት የምትተኛው ትንሿ፣ የአራት ዓመቷ ሰሚራ፣ ታማ ተገኘች። እናትና ልጅ አንድ ላይ አዲስ አበባ ሄዱ።

ነፊሳ ድና ተመለሰች። ሰሚራ አልተመለሰችም።

እስከ ዛሬ ሥራ የሚፈልጉ ልጆች ‹እገሌ የሚባለው የውጭ ድርጅት ጥሩ ነው?› ብለው ሲጠይቁኝ፣ የምመልሰው አንድ ጥያቄ ነው፦ እዚያ የሚሠራ ሰው ‹አሞኛል› ለማለት ይፈራል ወይስ አይፈራም? ያኛው ኩባንያ ክፉ አልነበረም። ግን ደግነቱን ለእኛ የነገረን አልነበረም፤ ማንበብ የምችለው እኔም አላነበብኩትም።

ነፊሳ የተመለሰች ቀን በሩ ላይ ቆሜ ቀና ብዬ ላያት አቃተኝ። እሷ ናት መጥታ ያቀፈችኝ።

«አታልቅሺ» አለችኝ። «አላህ የጻፈው ነው። አንቺ ለእኔ ብለሽ ነው።»

ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር...