ዱላዎቿ ብቻ የሄዱበት ውድድር

ከቤቴ ጎን ያለው ጋራዥ የተቃጠለ የሞተር ዘይት አሸዋ ላይ ሲደፋ፣ ሽታው ይመጣና የጎልፍ ሜዳ ትዝ ይለኛል። ሌላው ሰው ጎልፍን በሳር ያውቀው ይሆናል፤ እኔ ግን ካርቱም ውስጥ በአሸዋ ነው የማውቀው። ኳሱ በሚገባበት ቀዳዳ ዙሪያ ያለውን አሸዋ ነፋስ እንዳይወስደው ያን ዘይት ያጠጡታል። እኔ ጆንያ እየጎተትኩ የእግር ዱካ አጠፋለሁ፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል።

አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ከወሎ መጥቼ ቡሪ በሚባል የካርቱም ሰፈር የቤት ሠራተኛ። ማዳሜ ለብቻዋ የምትኖር፣ ሠላሳ ያልሞላት፣ ጎልፍን እንጀራዬ ብላ የያዘች ሴት ነበረች። ወንዶቹ ይስቁባታል፤ እሷ ደግሞ ኳሷን አሻግራ ትመታና ዞራ እንኳ አታያቸውም። ስወዳት! አሸዋው ወዴት እንደሚያዘነብል ቶሎ ይገባኝ ስለነበር ሳትጠይቀኝ አትመታም። "ናይሮቢ ለማጣሪያው ስሄድ የዱላዎቼን ቦርሳ የምትይዢው አንቺ ነሽ፣ ኢንሻአላህ" አለችኝ። ያንን ካለፈች ከአገር አገር እየዞረች ልትጫወት ነው፤ እኔም አብሬያት። ፓስፖርቴን ግን እንደ ሌሎቹ ማዳሞች ቆልፋበት ነበር።

ያኔ የሱዳን አብዮት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ የተቃጠለ ጎማ ይሸታል። የጉዞው ሳምንት ልብሴን አጥቤ፣ ተኩሼ ስጠብቅ፣ የአጎቷን ልጅ ይዛ እንደምትሄድ ነገረችኝ። "ያላ፣ አንቺ ቤት ጠብቂ። ሠራተኛዋን ይዛ መጣች እንዲሉኝ ነው?" ብላ ሳቀች። ሳቋ ነው ያንገበገበኝ።

በጉዞዋ ቀን ረፋድ ላይ የአጎቷ ልጅ የጎልፍ ዱላዎቿን ይዞ ወደ አየር ማረፊያው ቀደማት። እሷ እየተኳኳለች "ፓስፖርቴን ከመሳቢያው አምጪልኝ" ብላ ቁልፉን ወረወረችልኝ። አወጣሁትና ዱቄት ውስጥ ቀበርኩት። "የለም" አልኳት። ግማሽ ሰዓት ብቻ ላስጨንቃት ነበር፤ ወላሂ፣ ግማሽ ሰዓት! ፍራሽ ገለበጠች፣ ጥፍሯን ነከሰች፣ አለቀሰች። እኔም አብሬያት እየፈለግሁ፣ ምን እዋሻለሁ፣ ደስ አለኝ።

በመጨረሻ ዱቄቱን አራግፌ "ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ወድቆ አገኘሁት" አልኳት። ግንባሬን ስማኝ ወጣን። አየር ማረፊያው ከቤታችን በእግር ይደረሳል። መንገዱ ጫፍ ስንደርስ ግን ተኩስ ተከፈተ፤ ሰልፈኞቹ ልጆች ጡብ ደርድረው መንገዱን ዘግተውታል፤ አስለቃሽ ጭሱ አፈነን። "ከሩብ ሰዓት በፊት እኮ ክፍት ነበር" አሉን አንድ ሽማግሌ። ምነው አፈር በበላሁ!

ማጣሪያው በዚያው ቀረባት። ከዚያ ወዲያ የጎልፍ ክለቡ ተዘጋ፤ በገንዘብ ይረዷት የነበሩት ሰዎችም ተሰደዱ። አሸዋው ላይ አንጥፋ ኳስ የምትመታበትን ቁራጭ ሰው ሠራሽ ሳር ወጥ ቤቱ በር ላይ እግር መጥረጊያ አደረገችው። ጠዋት ጠዋት የማራግፈው እኔ ነበርኩ።

የዚያን ቀን ከመንገድ ተመልሰን ግቢው ውስጥ ቆመን ሳለ፣ አውሮፕላኑ የአጎቷን ልጅና ዱላዎቿን ይዞ በላያችን አለፈ። ድምፁ እስኪጠፋ ቀና ብላ አየችው። ከዚያ ቤት ገብታ ፓስፖርቴን አወጣችልኝ። "በድዬሽ ነበር። አንቺ ባትኖሪ የእኔን እንኳ አላገኘውም ነበር፤ ከዛሬ ጀምሮ እህቴ ነሽ" አለችኝ።

እኔም "ሹክራን" ብዬ አመስግኜ ተቀበልኳት።