ገና፣ ሲጠብቅና ሲላላ

ነገሌ ላይ በልግ ከዝናቡ በፊት ይታወቃል። ግራሩ በደረቁ መሬት ላይ ቆሞ ያብባል፤ ቢጫዎቹ ወፎች ሣር እየሰነጠቁ ከቅርንጫፉ ጫፍ ጎጆ ያንጠለጥላሉ። ሌላው ሰው ደስ ይለዋል። እኔ መስኮቴን እዘጋለሁ።

ድርቅ በገባበት ዓመት ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። አባቴ ሱቅ ነበረው፤ ከብቶቹን ታላቅ ወንድሜ ይጠብቃል። «ሴት ልጅ ተምራ ምን ልትሆን ነው?» የሚሉ ዘመዶች ሲመጡ አባቴ «ደብዳቤ ትጽፍልኛለች» እያለ ይመልሳቸው ነበር። ትምህርቴ የጸናው በዚያች መልስ ነበር።

ድርቁ ሲበረታ ወንድሜ ከብቶቹን ሣር ፍለጋ ወደራ ወደሚባለው ደጋ ይዟቸው ወጣ። በመጋቢት በአይሱዙ ሹፌር «እንመለስ ወይ?» ብሎ ላከ። አባቴ «እዚያው ይቆይ ብለሽ ጻፊ» አለኝ። እኔ ግን ወፎቹ ልቤን ወስደውት ስለነበር ከነሱ ጀመርኩ፦ «ወፎቹ ጎጆ እየሠሩ ነው። ግራሩ አብቧል። ገና ነው።»

አልደረሰም ማለቴ ነበር፤ «እዚያው ይቆይ» የሚለውን በዚህችው የጻፍኩት መስሎኝ ወረቀቷን አጠፍኳት። በአገራችን ኦሮምኛ ግን የበልጉ ዝናብ ራሱ ስሙ ገና ነው፣ «ና»ው ጠብቆ። ፊደላችን ደግሞ ይህን ሁሉ ዘመን ኖሮ የሚጠብቀውን ከሚላላው ለይቶ መጻፍ አልቻለም። ወንድሜ ማንበብ አይችልም፤ ያነበበለት ሰው አጥብቆ አነበበለት።

ዝናቡ ገባ ብሎ ተመለሰ፤ ከብቶቹ ባዶ ሜዳ ላይ ደረሱ። ዝናቡ የመጣው ከሃያ ቀን በኋላ ነው፤ ያኔ በእግራቸው የቆሙት ሦስት ብቻ ነበሩ። ወዲያው በየበድኑ መሃል ቅጠል የሌለው ነጭ አበባ ከመሬት ፈነዳ። ያ አበባ እስከ ዛሬ ይሸተኛል፤ የሚሸተኝም የበድን ሽታ ነው።

አባቴ ወንድሜን በሰው ፊት «ማን ና አለህ? ችኩል!» አለው። ወረቀቷ በወንድሜ ኮት ኪስ ውስጥ ነበረች፤ ጫፏ ይታየኛል። እጁን አልሰደደም። እኔም «የጻፍኩት እኔ ነኝ» አላልኩም። ፈራሁ፣ እውነቱ ይኸው ነው። ወንድሜ ክብረ መንግሥት ሄዶ ወርቅ ቁፋሮ ገባ። አባቴ እስኪሞት ድረስ «ያ ችኩል» ነበር የሚለው።

ለቀብሩ ሲመጣ እኔ አስተማሪ ሆኛለሁ። ሰው ሲበተን ጠብቄ፣ «ያቺን ወረቀት ለምን አላወጣሃትም?» አልኩት።

«ከብቶቹማ አንዴ አልቀዋል» አለኝ፣ የጫማውን አፈር እያራገፈ። «አንቺን ደግሞ ከትምህርት ቤት ያስወጡሽ ነበር።»