ምንም ያልገባበት ወተት

ወተት ሻጯን ሰው ሁሉ «እትዬ ጠብታ» ይላቸዋል። ስሙን ያወጣላቸው የገዛ አፋቸው ነው። ወተት ቤታቸውን ከከፈቱ ጀምሮ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ «ጠብታ ውሃ ከተገኘበት እዚሁ ራሴ ላይ ድፉት!» ይሉ ነበር። አንዳንድ ደንበኛ ሊያናድዳቸው ሲያምረው የተቀዳለትን ወደ ብርሃን ከፍ ያደርግና ጭንቅላቱን ይነቀንቃል። ይኸው ይበቃል። ከዚያ በኋላ ወረፋው በሩን አልፎ ቢወጣም፣ እትዬ ጠብታ ስማቸውን ሳያስመልሱ ለማንም አይቀዱም። ከመንገዱ ማዶ ያለው ወተት ሻጭ ዱቄትና ውሃ እየበጠበጠ ሲከብር፣ እሳቸው በዚያችው ጠባብ ሱቅ ቀርተዋል። ወተት አጠገብ ዱቄት የሚባል ነገር ሲያዩ ደማቸው ይፈላል።

እንግዲህ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል መስታወት ፊት የቆሙት እኚሁ ሴትዮ ናቸው። አንዲት ልጃቸውን ገና በሰባት ወሯ ምጥ ያዛትና ያለ ጊዜዋ ወለደች። ሕፃኗ ማሞቂያ ውስጥ፣ ቀጭን ቱቦ በአፍንጫዋ ገብቶላት፣ ፊቷ ከእትዬ ጠብታ ጡጫ አንሶ ተኝታለች። መጥባት ስለማትችል እናትየዋ በጎን ባለው ክፍል ወተቷን በማለቢያ መሣሪያ እያለበች በትንሽ ጠርሙስ ትልክላታለች። መጀመሪያ ሰሞን የሚወጣው የጠርሙሱን ታች እንኳ አይሸፍንም ነበር። ጡቷ እየቆሰለ፣ እያለቀሰች ታገለችው። ኋላ ግን ወተቱ እሺ አለና ጠርሙሱ ሞላ። ያን ቀን እናትና ልጅ ተቃቅፈው ሳቁ።

ሳቁ አልሰነበተም። በማግስቱ እትዬ ጠብታ በመስታወቱ ሲያዩ፣ ነርሷ የልጃቸውን ወተት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች፣ ትንሽ እሽግ ቀደደች፣ ነጭ ዱቄት ነሰነሰችበት። እሳቸው መስታወቱን ሊሰብሩት ምንም አልቀራቸውም።

«አንቺ! ምንድን ነው የምትበርዢው?»

ነርሷ በሩን ገርበብ አደረገች። «እማማ፣ ቀስ ይበሉ፣ ሕፃናት ተኝተዋል። ማጠናከሪያ ነው።»

«ምን ሆነና ነው የሚጠናከረው? ደከመኝ አለሽ?»

«ያለ ጊዜያቸው ለተወለዱ የእናት ወተት ብቻውን አይበቃም። ማዕድን ያንሰዋል፣ ስለዚህ እኛ...» ከውስጥ አንዱ መሣሪያ ጮኸ። ነርሷ ያንን ሳትጨርስ በሩን ዘግታ ሮጠች።

ነገሩን ሁሉ ያበላሸው ይህ በእንጥልጥል የቀረ ወሬ ነው። ነርሷ አይፈረድባትም፣ ያን ሁሉ ሕፃን ለብቻዋ ይዛለች። ቢሆንም እንዲህ ያለ ነገር በበር ክፍተት ይነገራል? እትዬ ጠብታ ከተባለው ሁሉ የያዙት «አይበቃም» እና «ያንሰዋል» የሚሉትን ብቻ ነበር። እነዚህን ሁለት ቃላት ሱቃቸው ውስጥ ዕድሜ ልካቸውን ሲታገሏቸው ኖረዋል። እየተንደረደሩ ልጃቸው ዘንድ ገቡ።

«ወተትሽ ቀጭን ነው እያሉሽ ነው! ዱቄት እየበጠበጡበት ነው! ምንም ያልገባበት ወተት! ካንቺ ጡት የወጣ ምን ይጎድለዋል?»

ልጅቱ ቀድሞውኑ ልጄን በሆዴ ማቆየት አቃተኝ እያለች ራሷን ስትበላ የሰነበተች ናት። አሁን ደግሞ ወተትሽም አልሞላም ተባለች። ተነስታ ወደ ነርሷ ሄደችና ለልጄ ዱቄት የሚባል እንዳይሰጣት አለች። ዶክተሩ መጣ። አስረዳ፣ ለመነ፣ በመጨረሻም ተቆጣ። እሷ ወይ ፍንክች። «እንግዲያው ደሟን እየመረመርን እንከታተላለን» ብሎ ትከሻው ወርዶ ሄደ። እትዬ ጠብታ በልጃቸው ኮሩ። ለደንበኞቻቸው ሳይቀር አወሩት።

ሕፃኗ ቀስ በቀስም ቢሆን ክብደት ጨመረች። እትዬ ጠብታ ነርሷን ባገኟት ቁጥር «አየሽ?» ይሏታል። ነርሷም ጥርሷን ነክሳ ታልፋለች።

አንድ ጠዋት ዶክተሩ እትዬ ጠብታን ኮሪደሩ ላይ አስቆማቸው። የምስራች መስሏቸው ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«እማማ፣ ሕፃን አጥንቱን የሚያጠነክርለትን ካልሲየምና ፎስፈረስ አብዝቶ የሚወስደው በእናቱ ሆድ ውስጥ በመጨረሻዎቹ ወራት ነው። የእርስዎ የልጅ ልጅ እነዚያን ወራት አላገኘቻቸውም። የእናቷ ወተት እንከን የለበትም፣ በጊዜው ለተወለደ ልጅ ይበቃል። ለእሷ ግን ያመለጣትን አይተካላትም። ዱቄቱ ያንን ነው የሚሞላው። አሁን የደም ምርመራው ጥሩ አይደለም። አጥንቷ ሳስቷል። ዳይፐር ልንቀይርላት እግሯን ስናነሳ እንኳ ሊሰበር ይችላል።»

እትዬ ጠብታ የዶክተሩን ክንድ ያዙ። «ይህን ያን ጊዜ ለምን አልነገራችኋትም?»

«ነግረናታል። እሷ ግን እርስዎን ሰማች።»

ቆሽታቸው አረረ። በዶክተሩ ተናደዱ፣ በነርሷ ተናደዱ፣ በዚያ ገርበብ ብሎ በተዘጋው በር ተናደዱ። ዞሮ ዞሮ ንዴቱ እሳቸው ላይ መጥቶ ቁጭ አለ። ልጃቸው ወዳለችበት ክፍል ሄዱ።

«ልጄ፣ ዱቄቱን እሺ በያቸው።»

ልጅቱ ማለቢያውን ከጡቷ ሳታነሳ ቀና ብላ አየቻቸው። «ምን አልሽ?»

«ወተትሽ አንደኛ ነው። ብቻ ትንሽ ነገር ጣል ቢደረግበት...»

«ደንበኞችሽን እንዲህ ብትያቸው ይገዙሻል?»

«ይሄ ሌላ ነው፣ የኔ ልጅ።»

«ምኑ ነው ሌላ? ሰው ሁሉ አልበቃሽም ሲለኝ በቅተሻል ያልሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ፣ እማዬ። ያቺን ቃልሽን ይዤ ነው እዚህ የቆየሁት። አሁን አንቺም አልበቃሽም ልትይኝ መጣሽ?»

ለመላው ወረፋ መልስ የማያጡት ሴትዮ ሊያባብሏት ሞከሩ፣ ባሰባት። ተቆጧት፣ አለቀሰች። እሷ ስታለቅስ ወተቱ ጠርሙሱ ውስጥ እየሞላ ነበር፤ ነጭ፣ ንጹሕ፣ እሳቸው ቢሸጡት ኖሮ የሚምሉበት ወተት። ያ ነው ይበልጥ ያናደዳቸው። በመጨረሻ ዘርገፍ አደረጉት።

«አጥንቷ ሊሰበር ነው! እግሯን ሲያነሷት እንኳ ሊሰበር ነው አለኝ ሐኪሙ! እዚህ ያደረሳት የኔ አፍ ነው። ወተት አውቃለሁ ባይዋ እኔ ነኝ። የማውቀው የላም ወተት ነው፣ እሱንም መሸጡን ብቻ!»

ልጅቱ ማለቢያውን አጠፋች። የሸሚዟን ቁልፍ አንድ በአንድ ቆለፈች፣ ጠርሙሱን አነሳች፣ እናቷን አልፋ ወጣች። እትዬ ጠብታ ኩስ ኩስ እያሉ ተከተሏት። ነርሷ በሩን ከፈተች።

«ሲስተር፣ ዱቄቱን ጨምሩላት።»

«እሺ፣ እሺ እህቴ። አሁኑኑ።»

«እናቴ ግን እዚህ እንዳትደርስብኝ። ከእንግዲህ ስለ ልጄ አንድ ቃል ስትናገር መስማት አልፈልግም።»

ገብታ በሩን ከኋላዋ ዘጋችው። የመስታወቱም መጋረጃ ተሳበ።

እትዬ ጠብታ ኮሪደሩ ላይ ብቻቸውን ቀሩ። ተናደዱ። እሳቸው አይደሉ የለመኗት? አሁን እሺ ስትል እንዲህ ይባላሉ? ልጅቱ ደግሞ እውነቷን ነው፣ ያ ነው የከፋው። መሄድ ነበረባቸው። ሱቁም እንደተዘጋ ነው። ግን እግራቸው እንቢ ብሏቸው ጆሯቸውን ወደ በሩ አስጠጉ። እሽጉ ሲቀደድ ሰሙ። ጠርሙሱ አንዴ፣ ሁለቴ ተነቀነቀና ዝም አለ። እንዲህ ነው እንዴ የሚበጠበጠው? ቃል እንዳይናገሩ ተብለዋል። ከንፈራቸውን ነከሱ፣ አልሆነላቸውም።

«ሲስተር!» ብለው በበሩ ክፍተት ጮኹ። «ቶሎ አትተዪው፣ ደህና አድርገሽ በጥብጪው! ዱቄቱ ታች እንዳይቀርባት!»