ለጣና ጀልባ የሚሆን ባትሪ

እኛ ሰባተኛ ሰፈር ባትሪ የምንሸጥ ሰዎች አንድ ልማድ አለን፤ ደንበኛ ሲመጣ የባትሪውን ሁለት ጫፍ በሽቦ ነክተን ብልጭታውን እናሳያለን። ብልጭታው ጠንከር ካለ ደንበኛው ደስ ይለዋል፣ ወደ ዋጋ እንገባለን። አንድ ጠዋት አንድ ሽማግሌ ተሸካሚ አስከትለው ሱቄ መጡ። ተሸካሚው ትከሻ ላይ በመኪና ባትሪ የሚሠራ ትንሽ ፍሪጅ አለ። ትልቁን የመኪና ባትሪ አውጥቼ ቷ አደረግኩላቸው። ዞር ብለውም አላዩት።

«ብልጭታ ምን ያደርግልኛል ልጄ? የሚቆይ ስጪኝ።»

ተናደድኩ፤ ይህን ሁሉ ዓመት ነግጄ ባትሪ ሊያስተምሩኝ! ግን ምን ጉድ ነው ብዬ መጠየቄ አልቀረም። ጣና ላይ ጀልባ አላቸው፤ ከዚያ ድረስ ለባትሪ ብለው ነው የመጡት። ከባሕር ዳር ጎርጎራ ዕቃ ያመላልሳሉ፣ መንገድ ላይ እዚያው ጀልባው ውስጥ ያድራሉ። አምፖሉም፣ ስልኩም፣ ውኃ የሚያወጣው ፓምፕም ከባትሪ ነው የሚጠባው።

«ፍሪጁስ ጋሼ? ለቢራ ነው?» ብዬ ተረብኳቸው።

«ለባለቤቴ ኢንሱሊን ነው» አሉ። ድሮ አብረው ነበር የሚጓዙት። ባለቤታቸውን ስኳር ከያዛቸው ወዲህ ግን መድኃኒቱ በሙቀት እንዳይበላሽ ብለው ቤት ቀሩ። አንዴ ፍሪጁን ከሞተሩ ባትሪ ጋር አገናኝተው ቢሞክሩ፣ ጠዋት ሞተሩ አልነሳ ብሎ ሐይቅ መሀል ቆመው ዋሉ። «ከዚያ ወዲህ እሷም ፈራች። ብቻዬን ነው የምመላለሰው።»

ክው አልኩ። «እንግዲያው የሞተሩን ለሞተሩ እንተወውና ለፍሪጁ የራሱን እንፈልግለት» አልኩ።

ፍሪጁን በትልቁ ባትሪ ሰክተን ጠበቅን። ጎረቤቶቼም ነገሩ ገርሟቸው እየመጡ ይነካኩታል። ያ ብልጭታው የሚያስፈራ ባትሪ ገና ሱቅ ሳልዘጋ ደከመ። ለካ ሞተር ለማስነሳት እንጂ ለማደር አልተሠራም። ከጎረቤት ሌሊቱን ሙሉ አምፖል የሚያበራ የሶላር ባትሪ ተውሼ ሰካሁ፤ ፍሪጁ ውስጥ ብርጭቆ ውኃ አስቀምጠን ዘጋን።

በማግስቱ ስከፍት ሽማግሌው በር ላይ ቆመዋል። ፍሪጁ ይሠራል። ቀዝቃዛውን ብርጭቆ ጉንጫቸው ላይ አስደገፉት፣ ከዚያ ለባለቤታቸው ስልክ ደወሉ።

«ልብስሽን አሰናጂ፤ ጎርጎራ አብረን ነው የምንሄደው።» ትንሽ አዳመጡና ስልኩን ሰጡኝ። «እኔን አታምነኝም፤ አንቺ ንገሪያት።»

«እትዬ፣ ሞተሩ የራሱ ባትሪ አለው፤ አይፍሩ» አልኳቸው።

«እሺ፣ እሄዳለሁ» አሉ ሴትዮዋ። ቀጥሎ ማልቀሳቸውን ሰማሁ።