ሰርቄ ያየሁት ፊት

በጃንሆይ ዘመን፣ ወደ መጨረሻው ላይ፣ የሦስት ዓመት ልጄን ዓይኗን አመማት። ቀላ፤ በዓይናር ተጣብቆ ጠዋት ጠዋት አልገለጥ አለ። ቀራንዮ ሰፈር፣ ከቤታችን ቁልቁል ወደነበረች ትንሽ ክሊኒክ ወሰድኳት። ነርሷ ዓይኗን አጥባ ቅባት አደረገችላትና፣ «ለአሥር ቀን በየጠዋቱ አምጫት» አለችኝ።

የተማረን ሰው ትክ ብሎ ማየት ድፍረት ነው ተብዬ ያደግሁ ነኝ። ነጠላዬን እስከ ግንባሬ ስቤ መሬት መሬት ነበር የማየው። በሦስተኛው ቀን፣ ነርሷ የልጄን ማተብ ወደ ጎን ስታደርግ፣ ሰረቅ አድርጌ አየኋት። አፏን ወደ አንድ ወገን አጣማለች። ማተቡን አይታ የናቀችን መሰለኝ። በማግስቱ ቀረሁ። ይባስ ብዬ በጽዋ ማኅበራችን ላይ፣ «ያቺ ነርስ ማተብ ያሰረ አትወድም፤ ጴንጤ ሳትሆን አትቀርም» አልኩ። ሁለት ሴቶች ልጆቻቸውን ወደ ክሊኒኩ መውሰድ ተዉ።

ልጄን ጸበል አስጠመቅኳት። ጸበሉን አልወቅስም፤ ከክሊኒኩ ያስቀረኝ የገዛ ኩራቴ ነው። ዓይኗ ባሰበት።

ከሳምንት በኋላ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ከክሊኒኩ የቀሩ ሰዎችን ስም ይዞ፣ ቤታችን መጣ። ሰው ሕክምና ጀምሮ የሚያቋርጠው የሐኪም ፊት እያስከፋው ይሆን እንደሆነ ያጠናል። የሰዎች ፊት ያለባቸውን ፎቶግራፎች አውጥቶ አንዱን ሰጠኝ።

«እትዬ፣ ይኼ ሰው ምን የተሰማው ይመስልዎታል?»

ፎቶ መልሶ አያይምና ደህና አድርጌ አየሁት። «ሰው ንቋል» አልኩ።

«ጥርሱን አሞት ነው። ጠይቀነዋል።»

ሌላ ሰጠኝ። «ይኼስ ተቆጥቷል» አልኩ።

«ፀሐይ ዓይኑ ገብታበት ነው!» ብሎ ሳቀ። «እርስዎ እኮ ሰዉን ሁሉ ቁጡ አደረጉት።»

እኔ አልሳቅኩም። ስለ ነርሷ ነገርኩት። እርሳሱን አስቀመጠ።

«ምች መቷት እኮ ነው፣ እትዬ። ግማሽ ፊቷ አይታዘዛትም። አላዩም?»

በማግስቱ ልጄን አዝዬ ሄድኩ። ነርሷን ፊት ለፊት አየኋት። ግማሽ ፊቷ ፈገግ አለ፤ ግማሹ እንደነበረ ቀረ።

«ምነው ጠፋሽ? ምን ሆነሽ ነው?»

«ሰው ታሞብኝ» ብዬ ዋሸሁ።

የልጄን ዓይን ገልጣ አየች። «ጠባሳ ይተዋል» አለች፤ «ግን ታያለች።» ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን አላጓደልኩም።

ወደ ሁለቱ ሴቶች ቤት ሄጄ እውነቱን ነገርኳቸው። አንዷ፣ «አንቺው አይደለሽ እንዴ ያወራሽው? ዛሬ ደግሞ ጻድቅ ሆንሽ!» አለችኝ። ልጇን ግን ወሰደች።

ልጄ ዛሬ መርፌ ውስጥ ክር ታስገባለች፤ ፈጣሪዬ ይመስገን። ኃጢአቴን ለንስሐ አባቴ ተናግሬያለሁ፤ ለነርሷ ግን አልተናገርኩም። በመጨረሻው ቀን የልጄን ጉንጭ ጠርጋ፣ «እናትሽ ጎበዝ ናት» አለቻት። እኔም ምስጋናውን እንደሚገባኝ ሰው ተቀበልኩ።