ጸበል የጠጣው ጂፕ

ያ ጉብታ ዛሬም አለ። እናንተ ፓርክ ብላችሁ በፈረስና በብስክሌት ከምትዝናኑበት ከእንጦጦ አናት ወጣ ብሎ፣ ፊቱን ወደ ሱሉልታ የመለሰ አንድ ራሰ በራ ኮረብታ ነው። ባለፈው የልጅ ልጄ እዚያ ወስዳኝ ፎቶ ልታነሳኝ ስትል «አባባ፣ ትንሽ ፈገግ ይበሉ እንጂ» አለችኝ። ፈገግ አልኩላት። የቆምኩበት ቦታ የድሮ ምሽጋችን መሆኑን ግን አልነገርኳትም። አፌ አልታዘዝ ስላለኝ እዚህ እጽፍላታለሁ።

ጊዜው የደርግ የመጨረሻው ግንቦት ነበር። ትእዛዙ አጭር ነው፤ ከጉብታው አትነቃነቁ። እኛ አንድ ጓድ ነበርን። ከባድ መሣሪያ የለንም። ከኋላችን ከተማው፣ ከፊታችን ሜዳው፣ መሀል ላይ ጉም። ጉሙ ማለዳ ማለዳ ከሜዳው ተነስቶ በባሕር ዛፉ መካከል ቀስ እያለ ይመጣና ይውጠናል። ያን ጊዜ አጠገብህ ያለውን ሰው የምታውቀው በሳሉ ነው። ከእንቅልፍ ማጣት ይሁን ከርሃብ አላውቅም፣ ያ ሰሞን ትዝ ሲለኝ የኖርኩት ሳይሆን በሕልሜ ያየሁት ይመስለኛል። የባሕር ዛፉ ሽታ ብቻ ነው እውነት ነበር የሚለኝ።

የነበረን ተሽከርካሪ አንድ ጂፕ ነው። ስንት ግንባር ዞሮ እኛ ጋ ሲደርስ አርጅቶ ነበር። ሸራው ተቀዷል፤ አንድ መብራቱ የለም። ራዲያተሩ ደግሞ ተበይዶ፣ እንደገና ተበይዶ፣ አሁን በብየዳው ዳር በኩል ተሰንጥቋል። ሾፌራችን አስር አለቃ ሸምሱ የስልጤ ሰው ነው፤ ረጅም፣ እርጋታው የሚያናድድ። ጂፑን «ሽማግሌው» ይለዋል። ጠዋት ጠዋት ስንጥቁን በልብስ ሳሙና ይደፍነዋል። ሞተሩ ሲግል ሳሙናው ይቀልጥና ውሃው መንጠባጠብ ይጀምራል። ያን ጊዜ «ሽማግሌው ዛሬም ሆድ ብሶታል» ይለኛል። ሸምሱን በጣም እወደው ነበር። በሕይወት ሳለ አልነገርኩትም፤ ወታደርና ወታደር እንዲህ አይባባልም።

አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ከሜዳው በኩል አማፅያኑ ሞርታር መተኮስ ጀመሩ። እኛ አናያቸውም፣ እነሱም አያዩንም። የመጀመሪያዎቹ ሩቅ ወደቁ። ቀጥሎ ያለው ምሽጋችን ውስጥ ወደቀ። አበበና ኃይሉ እዚያው ቀሩ። ተኩስ ከፈትን። ገመቹ መትረየሱ ላይ እንደተደፋ ቀረ። ተስፋዬ ሊተካው ሮጠ፤ አልደረሰም። ከዚያ ተኩሱ ቆመ። ጉሙ ውስጥ የባሩድ ሽታ ብቻ ቀረ።

ማቴዎስ ጭኑ ላይ ተመትቶ ነበር። ማቴዎስ ከጓዱ ሁሉ በዕድሜ ትንሹ፣ ከአባያ ሐይቅ ዳር የመጣ ለዛ ያለው ልጅ ነው። ደሙን በቀበቶ አሰርነው። አዛዣችን መቶ አለቃው ቁስሉን አየና እኔንና ሸምሱን ለብቻ ጠራን።

«ይዛችሁት ውረዱ» አለን። «ከዘገየ አይተርፍም። ደግሞ ረፋድ ላይ የኛ መድፍ ጫካውን መደብደብ ይጀምራል። ከዚያ ወዲያ በዚህ መንገድ ሰው አያልፍም።»

በእንጦጦ ማርያም በኩል ያለው አስፋልት ከግንባር በሚመለስ ወታደር ተጨናንቋል ተባለ። ስለዚህ የደኑን መንገድ ይዘን፣ ሸንተረሩን ተሻግረን፣ ዛሬ የካ ክፍለ ከተማ በምትሉት በኩል ወደ ፈረንሳይ ሰፈር ለመውረድ ተነሳን። ቁልቁለቱ ጋ ከደረስን ያለ ሞተርም እንወርዳለን። መጀመሪያ ግን ዳገቱ አለ።

ዳገቱን ሳናጋምስ ሽማግሌው ጮኸ። ሸምሱ ኮፈኑን ሲከፍት ሳሙናው የለም፤ ስንጥቁ ጣት ያህል ረዝሟል፤ ውሃው በጎን ይረጫል። የድሮ ሾፌሮች እንዲህ ሲሆን በሶ ይጨምራሉ። ዱቄቱ በውሃው ዞሮ ዞሮ ስንጥቁ ጋ ሲደርስ ይጣበቅና ይደፍነዋል። የሚጨመረው ቆንጠር ተደርጎ ነው። በሶ ያለው ማቴዎስ ብቻ ነበር፤ እናቱ የላኩለት በከረጢት ነበረው። አንድ ቆንጣሪ ጨመርን፤ መንጠባጠቡ ቀነሰ። ደስ አለን። ቆንጣሪ ይህን ከሠራ እፍኝ ምን አይሠራም ብለን ከረጢቱን ገለበጥነው።

ጥቂት እንደሄድን ሽማግሌው ተንፈቀፈቀ። የራዲያተሩ ክዳን ተስፈንጥሮ ጫካ ገባ፤ ከውስጡ የሚፈላ ገንፎ ገነፈለ። እውነተኛ ገንፎ፣ ቅቤ ብቻ የቀረው። ማቴዎስ ከኋላ ተኝቶ፣ ከንፈሩ አመድ መስሎ፣ ሳቀ።

«የናቴን በሶ ለመኪና አበላችሁት» አለ። «ለኔስ ማንኪያ የለም?»

እኛም ሳቅን። ጓደኞቻችንን ያጣነው ያኑ ጠዋት ነው፤ እንዴት እንደሳቅን እስካሁን ይገርመኛል።

ሸምሱ የታችኛውን ቱቦ ፈትቶ ገንፎውን አወጣው። ከዳር የቀረው ቅርፊት ስንጥቁን በከፊል ይዞታል። ውሃ ግን የለም። የኮዳችንን ሁሉ ጨምረን የራዲያተሩን ታች እንኳ አልሸፈነም። ያለ ውሃ ብንነዳ ሞተሩ ይነክሳል፣ ግሎ ተጣብቆ ይቀራል፤ ዳገቱም ገና ነው። በአካባቢው ምንጭ አናውቅም። ተሸክመነው እንውጣ ብንል ለሁለት ሰው የማይሆን መንገድ ነው፣ ሰዓቱም አይበቃም። ማቴዎስ ሳቁን አቁሟል። ሸምሱ መሪው ላይ ተደግፎ ጉሙን ያያል።

ከጉሙ ውስጥ አንዲት እናት ወጡ። ነጭ ነጠላ ለብሰዋል፤ በጀርባቸው ቢጫ ጀሪካን አዝለዋል። ጦርነት መሀል መሆናችን ያልታያቸው ይመስል ረጋ ብለው መጡ።

«እንደምን አደራችሁ ልጆቼ» አሉን።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ እማማ። ከየት ይመጣሉ በዚህ ሰዓት?» አልኳቸው።

«ከማርያም ጸበል። አስፋልቱን ወታደር ሞልቶታል ቢሉኝ በጫካው ዞርኩ። ልጄ ታሞብኝ ነው። ሰባት ቀን ሳያቋርጥ እንዲጠጣ ታዟል፤ ዛሬ ሰባተኛው ነው። መኪናችሁ ምን ሆነ?»

«ውሃ ጨረሰ» አላቸው ሸምሱ። ጀሪካኑን አየና ፊቱን አዞረ። እኔም አየሁት፤ እኔም ፊቴን አዞርኩ። አንዳችንም አልጠየቅናቸውም።

እሳቸው ግን ሸራውን ገልጠው ማቴዎስን አዩት። ግንባሩን በእጃቸው መዳፍ ነኩት። ከዚያ የጀሪካኑን ማዘያ መፍታት ጀመሩ። ሸምሱ እጃቸውን ያዘ።

«አይሆንም እናቴ፣ የልጅዎ ነው። ረፋድ ላይ ይህ ጫካ በመድፍ ይመታል። ተመልሰው መቅዳት አይችሉም።»

«የኔ ልጅ ከቤቱ ተኝቷል፤ ጎረቤት ከቦታል» አሉ። «ይሄኛው ግን መንገድ ላይ ነው።»

ሸምሱ እጃቸውን ለቀቀ።

«አንድ ነገር ብቻ» አሉ ክዳኑን እየፈቱ። «መሬት አይፍሰስ። እግር የሚረግጠው አይደለም።»

የተሰነጠቀ ራዲያተር እንዳይፈስ ቃል መግባት! እኔ ክርስቲያኑ «እሺ» ብዬ ልሸነግላቸው ነበር። ሸምሱ ግን ከወንበሩ ስር የዘይት ቆርቆሮ አወጣ፣ በሳንጃ አፉን ቆርጦ ሰፋ አደረገው፣ በጨርቅ ወለወለው፣ በሽቦ ከራዲያተሩ ስር አሰረው። ክዳኑ የተስፈነጠረበትን አፍ በንጹሕ ፎጣ ጠቀጠቀ። «እየቆምን መልሰን እንጨምረዋለን፣ እናቴ። ጠብ አይልም» አላቸው። ጸበሉን ሲቀዳ «ቢስሚላህ» ሲል ሰማሁት። እሳቸውም ሰሙት፤ አንገታቸውን ነቀነቁ።

ከዚያ ወደ ማቴዎስ ዞሩ። «የክርስትና ስምህ ማነው? ጸበሉ ጋ ስደርስ እንድጠራህ።»

ማቴዎስ ጴንጤ መሆኑን ከኛ ደብቆ ነበር የኖረው፤ በዚያ ዘመን ጴንጤነት ያሳስር ነበር። ያን ጊዜ ግን «ማቴዎስ ይበቃል፣ እማማ። እኔ በናንተ ደንብ አልተጠመቅሁም» አላቸው።

«ይሁን፣ ማቴዎስ ብዬ እጠራሃለሁ። የኔ ልጅ ወልደ ገብርኤል ነው። አንተም በምታውቀው ጥራልኝ።»

አብረውን እንዲወርዱ ለመንናቸው። «ባዶ ጀሪካን ይዤ ምን ልለው ነው?» አሉና ወደመጡበት ተመለሱ። ጀሪካኑ በጀርባቸው ላይ ጥቂት ታየን። ከዚያ ጉሙ ዋጣቸው።

ሽማግሌው ዳገቱን እያቃሰተ ወጣ። መንገድ ላይ ደጋግመን ቆምን፤ ቆርቆሮውን እየፈታን፣ የሞላውን ወደ ራዲያተሩ እየመለስን። የሚያቃጥል ውሃ ነው፤ የእጄ ጠባሳ ዛሬም አለ። እንዲያ ባናደርግ ግማሽ መንገድ ላይ በደረቅን ነበር። አናቱ ላይ እንደወጣን ሸምሱ ሞተሩን አጠፋ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ቁልቁለት መናገር ይከብደኛል። ድምፅ የለም። ጂፑ ጉሙ ውስጥ በራሱ ይንሸራተታል። ባሕር ዛፎቹ በግራና በቀኝ እየወጡ ይጠፋሉ። የሚሰማው ጸበሉ ቆርቆሮው ውስጥ ጠብ፣ ጠብ ሲል ብቻ ነው። ታች አንድ ቦታ ዶሮ ጮኸ። በዚያች ቅጽበት ጦርነቱ አልቆ፣ ደርጉም ሌላውም አልፎ፣ እኛ ብቻ የቀረን መሰለኝ። ደስ ብሎኝ ነበር። እንዲያው ደስ ብሎኝ ነበር።

ማቴዎስ ዓይኑን ገለጠ። «ጀልባ ላይ ነን?» አለኝ።

«አዎ» አልኩት።

«ማነው የሚቀዝፈው?»

«ሸምሱ።»

«እንግዲያው እንደርሳለን» አለና ዓይኑን መልሶ ከደነ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ጆሮዬን ባስጠጋ «ወልደ ገብርኤል፣ ወልደ ገብርኤል» ይላል።

ፈረንሳይ ስንደርስ ጉሙ ተገፈፈ። ሰዎች ከበራቸው ላይ ቆመው አዩን። ሸምሱ ሞተሩን አስነሳ፤ ሆስፒታል ደረስን። ማቴዎስን ተቀበሉን። ሐኪሙ ቀበቶውን አይቶ «በጊዜ ደርሳችኋል» አለ።

ሸምሱ ቆርቆሮ ውስጥ የቀረውን ጸበል እስከ መጨረሻው ጠብታ ወደ ራዲያተሩ መለሰ፤ የጎደለውን በቧንቧ ውሃ ሞላ።

«አንተ ከሱ ጋር ቆይ፤ ደም ቢያስፈልገው ስጠው» አለኝ። «እኔ እናትየዋን ልፈልግ። ከነጀሪካናቸው እቤታቸው አድርሼ እመጣለሁ።»

«መንገዱ እኮ ይዘጋል» አልኩት።

«እሳቸውም ይህን ሰምተው ነው የሰጡን» አለ። መሪውን ሁለት ጊዜ መታ መታ አድርጎ «ና እንግዲህ ሽማግሌው» ብሎ ሄደ።

ደሜን እየሰጠሁ ሳለ መድፉ ጀመረ። የሆስፒታሉ መስኮት ይንቀጠቀጣል። ሸምሱ አልተመለሰም።

መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ወደ ተራራው ወጣሁ። ጂፑ ከዳገቱ አናት ማዶ ተገልብጦ ነበር። ቆርቆሮው በሽቦው እንደታሰረ ነው። አንድ የደን ጥበቃ ሰው እንደነገሩኝ የሸምሱን ሬሳ ያነሱት ከታች ያለው የጉራራ ሰፈር ሰዎች ናቸው። ከመታወቂያው ስሙን አይተው፣ ሙስሊም ጎረቤቶቻቸውን ጠርተው፣ በወጉ አስቀበሩት። አጠገቡ ሌላ ሰው ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። አልነበረም አሉኝ። ቢጫ ጀሪካንስ? እሱም አልነበረም።

እናትየዋን ፈልጌያለሁ። ስማቸውን አልጠየቅናቸውም፤ የማውቀው የልጃቸውን ስም ብቻ ነው። ጉራራንና ፈረንሳይን ቤት ለቤት «ወልደ ገብርኤል የሚባል በሽተኛ» እያልኩ ዞርኩ። ሰው በክርስትና ስም ተጠይቆ ይገኛል? በዚያ ስም የሚያውቀው እናቱና ንስሐ አባቱ ናቸው። አንድ ቄስ እንኳ አዘኑልኝና «ልጄ፣ እዚህ ደብር ብቻ ስንት ወልደ ገብርኤል ያለ ይመስልሃል?» አሉኝ።

ማቴዎስ እያነከሰ አገሩ ገባ፤ በቤተ ክርስቲያኑ አገልጋይ ሆነ። የመጀመሪያ ልጁን ወልደ ገብርኤል አለው። ምእመናኑ «ይህ ደግሞ ከየት የመጣ ስም ነው?» ሲሉት «የጓደኛዬ ነው» ይላቸዋል።

በዚያ ጠዋት የሞቱብንን ዛሬም እቆጥራለሁ። አበበ። ኃይሉ። ገመቹ። ተስፋዬ። ሸምሱ። ያኛው ወገንም የራሱን ይቆጥር ይሆናል፤ እነሱም ጉሙ ውስጥ ነበሩ። ጣቶቼን አጥፌ ሸምሱ ላይ ስደርስ ሌላኛው እጄ ለእናትየዋ ሊከፈት ይዳዳዋል። አልከፍተውም። ጀሪካኑ አልተገኘም። ቀድተው በሌላ መንገድ ወርደዋል፤ ልጁም ሰባተኛውን ቀን ጠጥቷል። እጄን እንደጨበጥኩ አምስት ላይ አቆማለሁ።